የድርሻ ድርሻ፤ የመሐመድ ኢብን ሙሳ አልኽዋሪዝሚ ሕይወትና የክፍልፋዮች ብዜት

ሥራቸው ከአገር ወደ አገር፥ ከቋንቋም ወደ ቋንቋ እየተሻገረ፥ ስማቸው የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የነገር ስም እስከ መሆን የደረሰላቸው ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከተማ የኖረው የሒሳብ ሊቅ መሐመድ ኢብን ሙሳ አልኽዋሪዝሚ ነው። የአገሩ ቅጽል በላቲን ጸሐፊዎች አፍ ተለውጦ አልጎሪዝም የሚለውን ቃል አስገኘ፤ ከመጽሐፉ አርእስት አንዱ ቃል ደግሞ አልጄብራ ለሚባለው ትምህርት መጠሪያ ሆነ። ዛሬ አልጎሪዝም ሲባል የሚታሰበው፥ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራ በተራ የሚፈጸም የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ስሙን ያወረሰው ሰው ግን ደንብን ከነምክንያቱ፥ ቍጥርንም የሰው መብት ከሚያርፍበት ጉዳይ ጋር አጣምሮ ያስተማረ ነበረ። በስሙና በሥራው መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለመምህራን የሚጠቅም ምክር አለበት።

ይህም ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ክፍልፋይን በክፍልፋይ በማባዛት ትምህርት ላይ ነው። ተማሪ እስከዚያ ክፍል ድረስ በሙሉ ቍጥር ሲሠራ ቆይቷል፤ ማባዛት ማለት ማብዛት መሆኑንም በልምድ ይዟል። የአማርኛው ቃል ራሱ መብዛትን ይነግረዋልና 3 በ4 ተባዝቶ 12 ሲሆን አይደነቅም። እኩሌታን በእርቦ አባዝቶ አንድ ስምንተኛን ባገኘ ጊዜ ግን ብዜቱ ከሁለቱም አንሶ ያየዋል፤ በዛ የተባለውም ነገር እንዴት እንዳነሰ ግራ ይገባዋል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ላዕልን በላዕል፥ ታሕትን በታሕት አባዛ ብሎ ብቻ ቢያልፈው፥ ተማሪው መልሱን ያገኛል፤ ነገሩን ግን አያገኘውም። ከዚያ ቀን ጀምሮም ሒሳብ ለእርሱ የሚታዘዙለት እንጂ የሚያስተውሉት ትምህርት አይሆንም። አልኽዋሪዝሚ ይህን ችግር በምን መንገድ እንዳለፈው ለማወቅ ሕይወቱንና መጻሕፍቱን መመልከት ይገባል።

አልኽዋሪዝሚ የተወለደው በ780 ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ቅጽሉ እንደሚያመለክተው ወገኑ ከኽዋሪዝም ነው፤ ይህም ከአራል ባሕር በስተ ደቡብ፥ ዛሬ ኡዝቤኪስታንና ቱርክሜኒስታን በሚባሉት አገሮች ውስጥ የሚገኝ ምድር ነው። የታሪክ ጸሐፊው አጥ ጠበሪ በባግዳድ አጠገብ ባለ ቀበሌ የሚጠራ ሌላ ቅጽል ስለ ጨመረለት፥ ከወላጆቹ አገር ርቆ በባግዳድ አቅራቢያ ተወልዶ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ያም ሆነ ይህ፥ ሥራውን የሠራባትና ስሙን ያስጠራባት ከተማ ባግዳድ ናት።

ባግዳድ በዚያን ጊዜ አዲስ ከተማ ነበረች። ኸሊፋ አል መንሱር የመሠረታት በ762 ሲሆን፥ አልኽዋሪዝሚ ለአካለ መጠን ሲደርስ ከጤግሮስ ወንዝ ዳር ታላቅ የንግድና የመንግሥት መናኸሪያ ሆና ነበር። ከ813 እስከ 833 የነገሠው ኸሊፋ አል መእሙን ሊቃውንትን እየሰበሰበ፥ ቤተ ጥበብ በሚባለው የመጻሕፍትና የምርምር ስፍራ የጽርእ፥ የሱርስት፥ የፋርስና የህንድ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ እንዲመለሱ ያደርግ ነበር። የኢትዮጵያ ሊቃውንት መጻሕፍትን ከጽርእና ከዐረብ ወደ ግእዝ ሲመልሱ እንዳደረጉት ሁሉ፥ የባግዳድ ተርጓሚዎችም የባዕድን ዕውቀት ተቀብለው በራሳቸው ቋንቋ እንደ ገና ያቀኑት ነበር። አልኽዋሪዝሚ በዚህ ስፍራ በሒሳብና በሥነ ፈለክ ሊቅነቱ ታወቀ፤ ሥራዎቹንም በአብዛኛው በአል መእሙን ዘመን አዘጋጀ።

ከህንድ ወደ ባግዳድ ከደረሰው ዕውቀት ዋነኛው የዘጠኙ አኃዞችና የዜሮ አጻጻፍ ነበር። የህንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 በጻፈው መጽሐፍ ክፍልፋዮች ሲባዙ የላዕሎች ብዜት ለታሕቶች ብዜት እንዲካፈል ደንቡን ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በየክፍሉ የሚሰጠው ደንብ ከአልኽዋሪዝሚ በፊት የታወቀ ነው፤ እርሱ አላገኘውም። የእርሱ ሥራ ይህን የመሰለውን ዕውቀት ለነጋዴው፥ ለዳኛው፥ ለቀያሹና ለወራሹ በሚገባ ቋንቋ ማድረስ ነበር። ይህም የመምህር ሥራ ነው።

ስለ ህንድ አኃዞች የጻፈው መጽሐፍ ዐረብኛው ጠፍቶ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ወደ ላቲን የተመለሰው ቀርቷል። በዚያ መጽሐፍ መደመርን፥ መቀነስን፥ እጥፍ ማድረግን፥ እኩሌታ ማውጣትን፥ ማባዛትንና ማካፈልን ካስተማረ በኋላ ወደ ክፍልፋይ ይሻገራል። ክፍልፋዮቹንም አንዱን ሙሉ ነገር በ60 እየከፈለ ያስረዳል። አንድ ሙሉ 60 ደቂቃ፥ አንዱ ደቂቃ 60 ካልዒት፥ አንዱ ካልዒት 60 ሣልሲት ይሆናል። አንድና እኩሌታን በአንድና እኩሌታ ለማባዛት ሁለቱንም ወደ ደቂቃ ይለውጣቸዋል፤ እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ይሆናሉ። 90 በ90 ሲባዛ 8100 ነው። ይህ 8100 ግን ደቂቃ አይደለም፤ የስድሳኛ ስድሳኛ ስለ ሆነ ካልዒት ነው። 8100 ካልዒት ለ60 ሲካፈል 135 ደቂቃ፥ 135 ደቂቃም እንደ ገና ለ60 ሲካፈል 2 ሙሉና 15 ደቂቃ፥ ማለት ሁለትና ሩብ ይሆናል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የትምህርቱ ቍልፍ ይገኛል። ደቂቃ በደቂቃ ሲባዛ የሚገኘው ደቂቃ አይደለም፤ ከእርሱ የሚያንስ ሌላ መደብ ነው። ክፍል በክፍል ሲባዛ ክፍሉ እንደ ገና ይከፈላል። በዘመናችን አጻጻፍ 1/60 በ1/60 ሲባዛ 1/3600 የሚሆነው ስለዚህ ነው። ታሕቶች የሚባዙት ደንብ ስላዘዘ ሳይሆን፥ የተከፈለው ነገር ዳግመኛ ስለ ተከፈለ ነው።

ይህ የስድሳ አከፋፈል ለኢትዮጵያ ሊቃውንትም እንግዳ አይደለም። ከባቢሎን ተነሥቶ በጽርእ ሊቃውንት በኩል ወደ እስክንድርያ፥ ከዚያም ወደ ባሕረ ሐሳብ መጥቷል። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፥ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው፤ ከዚያ በታች ሣልሲት፥ ራብዒት፥ ኀምሲትና ሳድሲት ይከተላሉ። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ሲሆን፥ 15 ኬክሮስ በ4 ዓመት ተባዝቶ 60 ኬክሮስ ስለሚሆን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የጨረቃ ወር ደግሞ እስከ ካልዒት ድረስ ሲታሰብ 29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ነው። ይህን በ12 ለማባዛት የሚፈልግ ደቀ መዝሙር ከታች ይጀምራል። 50 ካልዒት በ12 ሲባዛ 600 ካልዒት፥ ማለት 10 ኬክሮስ ይሆናል። 31 ኬክሮስ በ12 ሲባዛ 372፥ ከ10 ጋር 382 ኬክሮስ፥ ይኸውም 6 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ነው። 29 ዕለት በ12 ሲባዛ 348፥ ከ6 ጋር 354 ዕለት ይሆናል። ስለዚህ የጨረቃ ዓመት 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ነው፤ ከካልዒት በታች ያሉት ጥቃቅኖች ሲታሰቡ ከዚህ ላይ ጥቂት ይጨመራል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህን ያሰላ ሰው አልኽዋሪዝሚ በባግዳድ ያስተማረውን የክፍልፋይ ሥራ በሌላ ስም ሠርቶታል።

ከሁሉ የበለጠው የአልኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ግን ስለ አል ጀብርና ስለ አል ሙቃበላ የጻፈው ነው። አል ጀብር ማለት የጐደለውን መመለስ፥ አል ሙቃበላ ማለት በሁለት ወገን ያለውን እያነጻጸሩ ማቻቻል ነው። በመቅድሙ እንደሚገልጸው አል መእሙን ስላበረታታው፥ ሰዎች በውርስና በኑዛዜ፥ በክፍያና በክርክር፥ በንግድ፥ በመሬት ልኬትና በቦይ ቍፋሮ ዘወትር የሚያስፈልጋቸውን ሒሳብ ለማቅለል አዘጋጀው። በመጽሐፉ ውስጥ ዛሬ በአልጄብራ የምናያቸው ምልክቶች አንዳቸውም የሉም፤ ቍጥሮቹ እንኳ ሳይቀሩ በቃል ተጽፈዋል። ስለዚህ አንባቢው በምልክት እየተመራ ዐይኑን ጨፍኖ ሊያልፍ አይችልም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደ ሆነ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይነገረዋል።

የመጽሐፉ እኩሌታ ያህሉ ስለ ውርስና ስለ ኑዛዜ ነው። ለዘመናችን የሒሳብ ሰዎች ይህ ክፍል ከአልጄብራው ያነሰ መስሎ ስለ ታያቸው ብዙ ጊዜ ሳያነቡት ያልፉታል። ለጊዜው ሰዎች ግን ከሁሉ የሚፈለገው ይህ ነበር። በእስልምና የውርስ ሕግ ሟች ልጆች ሲኖሩት ለሚስት አንድ ስምንተኛ፥ ለባል ሩብ ይሰጣል፤ ከቀረው ላይ ወንዱ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ከወራሾች ውጭ ላለ ሰው የሚደረግ ኑዛዜ ያለ ወራሾች ፈቃድ ከሲሶ ሊያልፍ አይችልም። እነዚህ ሁሉ ክፍልፋዮች ናቸው፤ አንዱም በሌላው ላይ ስለሚያርፍ ያለ ክፍልፋይ ብዜት ውርስ ሊከፈል አይቻልም።

ከምሳሌዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነው። አንዲት ሴት ባልዋን፥ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴቶች ልጆችን ትታ ትሞታለች፤ ከሀብትዋም አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተደምሮ ለባዕድ ሰው እንዲሰጥ ትናዘዛለች። 1/8 እና 1/7 ሲደመሩ 15/56 ይሆናሉ፤ ይህም ከሲሶ ስለሚያንስ ኑዛዜው ይጸናል። ለቤተ ሰቡ የሚቀረው 41/56 ነው። ባልዋ የሚወስደው የዚህን ሩብ ነው እንጂ የጠቅላላውን ሩብ አይደለም። ከባልዋ የተረፈው ሦስት አራተኛ በአምስት ይከፈልና ወንዱ ልጅ ሁለቱን፥ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው አንዳንዱን ይወስዳሉ። ስለዚህ የአንዲቱ ሴት ልጅ ድርሻ የ41/56 ሦስት አራተኛ አንድ አምስተኛ ነው። ታሕቶቹ 56፥ 4 እና 5 ሲባዙ 1120 ስለሚሆኑ፥ ሀብቱ ሁሉ 1120 ክፍል ሆኖ ይታሰባል። ከዚህም ለባዕዱ 300፥ ለባል 205፥ ለወንዱ ልጅ 246፥ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 123 ይደርሳል። አራቱ ልጆች በአንድነት 615 ስለሚወስዱ፥ 300ና 205 ሲጨመሩበት 1120 ይሞላል፤ ማንም አልተበደለም፥ የተረፈም የለም።

ይህ ነገር የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በጅቡቲ ከተማ በቍጥር ከሚጠሩት ሰፈሮች አንዱ በሆነው በካርቲየ 4 ያለ አንድ ሙስሊም አባወራ ሚስቱን፥ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴቶች ልጆችን ትቶ ቢሞት፥ ውርሱ የሚከፈለው በዚሁ ደንብ ነው። ለምሳሌ ያህል ዕዳና የቀብር ወጪ ከተከፈለ በኋላ 3,200,000 የጅቡቲ ፍራንክ ቀረ እንበል። ለሚስት አንድ ስምንተኛ 400,000 ፍራንክ ይሆናል። የቀረው 7/8 ለአራት ተከፍሎ ወንዱ ልጅ እኩሌታውን፥ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ሩቡን ይወስዳሉ። የ7/8 እኩሌታ 7/16 ስለ ሆነ ወንዱ ልጅ 1,400,000 ፍራንክ፥ የ7/8 ሩብ 7/32 ስለ ሆነ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 700,000 ፍራንክ ታገኛለች። ድምሩም 3,200,000 ይሞላል።

እንግዲህ ሒሳቡን የሚያሰላው ሰው ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማባዛት እንዳለበት ባያስተውል፥ ልጆቹ እኩሌታና ሩብ አላቸው ሲባል ሰምቶ ከጠቅላላው ሀብት ላይ ቢያነሣ ምን ይሆናል? ለወንዱ ልጅ 1,600,000፥ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 800,000 ይጽፋል። የሚስቲቱ 400,000 ሲጨመርበት 3,600,000 ይሆናል፤ ከሌለ ሀብት ላይ 400,000 ፍራንክ ታደለ ማለት ነው። ይህ ትርፍ መጠን ልክ ሚስቲቱ የምታገኘውን ያህል መሆኑን ልብ ይሏል። ወንዱ ልጅና ሴቶቹ ልጆች የተጻፈላቸውን አስቀድመው ቢወስዱ ሀብቱ በሙሉ ያልቃል፤ ለመበለቲቱ የሚተርፍ አንድም ፍራንክ አይኖርም። በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ስሕተት አንድ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በካርቲየ 4 ግን አንዲትን ባልዋ የሞተባትን ሴት ባዶ እጅዋን ያስቀራል። ሒሳቡን ራስዋ መመርመር የምትችል ወራሽ መብትዋን ታስከብራለች፤ የማትችለው ግን ባሰላላት ሰው ደግነት ላይ ትወድቃለች።

በዚያች ከተማ ሶማልኛ፥ ዓፋርኛ፥ ዐረብኛና አማርኛ በየቤቱ ይነገራሉ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ በአብዛኛው የሚሰጠው ግን በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ልጁ ከቤቱ የሚያውቀውን ሩብና እኩሌታ በትምህርት ቤት በሌላ ስም ይገናኘዋል፤ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚነግረው መምህር ከሌለም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስለው ይታዩታል። አማርኛ ተናጋሪ ለሆነው ልጅ ቋንቋው ራሱ ጥሩ መምህር ነው። የእኩሌታ ሩብ ሲባል በፊደሉ የ ውስጥ የብዜት ምልክት አለ። ማባዛት የሚለው ቃል ቢያስትም፥ የ የምትለው ፊደል ግን ታቀናለች። በቀድሞው ገበያ በዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ የሚነግዱ ሰዎች የብር እኩሌታ አላድ፥ የአላድ እኩሌታ ሩብ፥ የሩብ እኩሌታ ተሙን መሆኑን ያውቁ ነበር። ስለዚህ 1/2 በ1/4 ሲባዛ 1/8 መሆኑን ማንም ሳያስተምራቸው በእጃቸው ይመነዝሩት ነበር።

አልኽዋሪዝሚ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልም ያስረዳ ነበር። አንድ የማይታወቅ ቍጥር በራሱ ተባዝቶ፥ የቍጥሩ ዐሥር እጥፍ ሲጨመርበት 39 ቢሆን፥ ቍጥሩ 3 እንደ ሆነ አስቀድሞ በደንብ ያወጣል፤ ቀጥሎም አራት ማዕዘን ሥሎ፥ በጎንና በጎኑ ሬክታንግሎች ጨምሮ፥ የጐደለውን ማዕዘን በመሙላት ደንቡ ለምን እንደሚሠራ ለዐይን ያሳያል። ይህን የሥዕል ልማድ ለክፍልፋይ ብዜት ማዋል ለመምህር ቀላል ነው። 2/3ን በ3/4 ለማባዛት አንድ አራት ማዕዘን ተሥሎ ወደ ታች በሚወርዱ መስመሮች ለአራት፥ ወደ ጎን በሚሄዱ መስመሮች ለሦስት ቢከፈል 12 ትንንሽ ቤቶች ይሆናሉ። ከአራቱ ዓምዶች ሦስቱ፥ ከሦስቱ ረድፎች ሁለቱ ቀለም ቢቀቡ፥ ሁለቱም ቀለም ያረፈባቸው ቤቶች 6 ናቸው። ስለዚህ መልሱ 6/12፥ ማለት እኩሌታ ነው። ታሕቶቹ ተባዝተው ቤቶቹን ሁሉ፥ ላዕሎቹ ተባዝተው የተወሰዱትን ቤቶች ይቈጥራሉ። ይህን ያየ ተማሪ ደንቡን ቢረሳ እንኳ እንደ ገና ሊያወጣው ይችላል።

የአልኽዋሪዝሚ ሥራ በዚህ ብቻ አልተወሰነም። የፀሐይን፥ የጨረቃንና የፈለኮችን አካሄድ የሚያሳዩ ሰንጠረዦች አዘጋጀ፤ ስለ አይሁድ የዘመን አቈጣጠርና ስለ አስጥርላብ ጻፈ። በ833 ገደማ በፈጸመው የምድር ሥዕል መጽሐፉ ከ2400 የሚበልጡ ከተሞችን፥ ተራሮችን፥ ባሕሮችንና ወንዞችን ከነስፍራቸው መዘገበ፤ ስፍራቸውንም የወሰነው በዲግሪና በደቂቃ፥ ማለት በስድሳኛ ክፍልፋይ ነው። በ1037 ተገልብጦ ዛሬ በስትራስቡርግ በሚገኘው የዚህ መጽሐፍ ቅጂ ውስጥ ከተሣሉት ካርታዎች አንዱ ከምንጩ እስከ ባሕር ያለውን የዓባይን ወንዝ ያሳያል።

አል መእሙን በ833 ከሞተ በኋላም አልኽዋሪዝሚ በኸሊፋዎቹ ዘንድ ተፈላጊ ሆኖ ቈየ። ከ842 እስከ 847 የነገሠው አል ዋሲቅ ወደ ካዛሮች ንጉሥ መልእክተኛ አድርጎ እንደ ላከው ይተረካል። በ847 አል ዋሲቅ በታመመ ጊዜ ከጠሯቸው የኮከብ ቈጣሪዎች መካከልም ስሙ ተጠቅሷል። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ በ850 ገደማ እንዳረፈ ይገመታል።

እርሱ ቢሞትም መጻሕፍቱ ጕዞአቸውን ቀጠሉ። ሰንጠረዦቹን በ1126 የባዙ አዴላርድ፥ አልጄብራውን በ1145 በሴጎቪያ የቼስተሩ ሮበርት ወደ ላቲን መለሷቸው። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የማግሪቡ የሒሳብ ሊቅ አል ሐሳር ላዕሉን ከታሕቱ በአግድም መስመር እየለየ ክፍልፋይን ጻፈ፤ የፒዛው ሌዎናርዶ ፊቦናቺም በ1202 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አጻጻፍ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። መስመሩ ሥራን እጅግ አቀለለ፤ አልኽዋሪዝሚ በሙሉ ገጽ ያስረዳው ነገር በአንድ መስመር ላይ ያርፍ ጀመር። ነገር ግን ሥራው እየቀለለ በሄደ መጠን፥ የማን ድርሻ ከምን ላይ እንደ ተነሣ የሚናገረው ቃል ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። የሊቁ ስም ለሒሳብ ሥራ ደንብ፥ በኋላም ለማናቸውም በቅደም ተከተል ለሚፈጸም ትእዛዝ መጠሪያ የሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

አንዳንድ መምህራን ጊዜ አጭር ነው፥ ፈተናም የሚጠይቀው መልሱን ብቻ ነው፥ ስለዚህ ደንቡን ማስያዝ ይበቃል ይላሉ። ይህ አነጋገር ምክንያት የሌለው አይደለም። ደንቡ እውነተኛ ነው፤ ሥራን ያፋጥናል፤ አልኽዋሪዝሚም ራሱ ደንቦችን አስተምሯል። ነገር ግን ትርጕሙን ያልያዘ ተማሪ፥ ጥያቄው በቃል ሲቀርብለት መደመር ይሁን ማባዛት መለየት አይችልም። ከላይ የተጠቀሰው የ400,000 ፍራንክ ስሕተት የመጣው ደንቡን ባለማወቅ አይደለም፤ ደንቡ የሚፈለግበትን ቦታ ባለማወቅ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ደንቡን መቶ ጊዜ መደጋገም አያርመውም።

ስለዚህ የክፍልፋይን ብዜት የሚያስተምር ሰው ትምህርቱን ከድርሻ ድርሻ ቢጀምር መልካም ነው። አስቀድሞ የእኩሌታ እኩሌታ፥ ቀጥሎ የሲሶ እኩሌታ፥ ከዚያ በኋላ የሦስት አራተኛ ሁለት ሦስተኛ በቃልና በሥዕል ይቅረብ፤ ደንቡም ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲያዩት የመጨረሻ ይሁን። ከአንድ የሚያንስ ክፍልፋይ በአንድ ነገር ላይ ሲባዛ ያንን ነገር እንደሚያሳንሰው፥ ከአንድ የሚበልጥ እንደሚያሳድገው፥ አንድ ራሱ ግን ሳይለውጥ እንደሚተወው ሳያሰሉ አስቀድመው እንዲገምቱ ይልመዱ። የድርሻ ሒሳብ በተሠራ ቍጥርም አልኽዋሪዝሚ 1120ን እንደ ሞላ፥ ድርሻዎቹ ተደምረው አንድ ሙሉ መሆናቸው ይመርመር። የትምህርት ቤት ሹማምንትም መርሐ ትምህርቱን ሲያወጡ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ቢመድቡ፥ በፈተናውም ውስጥ መልስን ብቻ ሳይሆን ድርሻው ከምን ላይ እንደ ተነሣ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ፥ የመምህሩን ድካም ይደግፋሉ።

አልኽዋሪዝሚ ከሞተ ከ1,170 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኸሊፋዎቹ አልፈዋል፤ የሠራባት ቤተ ጥበብም የለችም። የርስት ክፍፍል፥ የባልና የሚስት ድርሻ፥ የወንድማማችና የእኅትማማች መብት ግን ዛሬም በየቤቱ አለ፤ በክፍልፋይም ይታሰባል። ስሙን በየቀኑ የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሥራውን የሚቀጥሉት ግን ተማሪዎቻቸው የሌላውን ድርሻ ሳይነኩ የራሳቸውን ድርሻ ለይተው እንዲያውቁ የሚያስተምሩት መምህራን ናቸው።